አጥሩ ውስጥ የማን ሕግ አለ?

ጎርጎራ ላይ ሠራዊት ቢሰፍር የመጀመሪያው አይሆንም። ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነጭፍራቸው እዚህ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ከትመዋል፤ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝም የድንጋይ ቤት ያሠራላቸው እዚሁ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጣሊያን መጣና ወደብ ሠራባት። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን እስኪሰጥ ድረስ ጎርጎራ ከተማዪቱን በሐይቁ በኩል ከሚጠብቁት የጦር ሰፈሮች አንዷ ነበረች።

በሱስንዮስ ዘመን «እዚህ የሰፈረ ወታደር የሰው ላም ቢነዳ ዳኛው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስቸግርም ነበር። ንጉሡ ለጭፍራቸው ደመወዝ የሚከፍሉት በመሬት ነው። ጉልት የተሰጠው ሹም ከገበሬው ግብር ይቀበላል፤ የገበሬውን ቀላል ጉዳይም ይዳኛል፤ ከበድ ያለው በይግባኝ እስከ ዙፋን ችሎት ይወጣል። መሬቱ፣ ወታደሩና ዳኝነቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ። ይህ ማለት ገበሬው ፍትሕ ያገኝ ነበር ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በዳዩም ፈራጁም ያው ሹም ነው። ግን ማን ዘንድ እንደሚጮህ ያውቃል።

ዛሬ ሦስቱ ተለያይተዋል። ሠራዊቱ የፌደራል መንግሥት ነው፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው፤ ዳኝነቱ ደግሞ አንድ ጊዜ የዚህ፣ አንድ ጊዜ የዚያ፣ አንዳንዴም የሁለቱም ይሆናል። የጦር ካምፕ አጥር ውስጥ የማን ሕግ ይሠራል ለሚለው ጥያቄ መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ በኢትዮጵያ ሕግ አጥሩ ራሱ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው። የዳኝነት ሥልጣን የሚከተለው መሬቱን ሳይሆን ሰውየውንና የጉዳዩን ዓይነት ነው። ስለዚህ ወንጀል ሲፈጸም መንገዱ ቢጠማዘዝም አይጠፋም። ጭንቁ ያለው ማንም ብዙ ከማይጽፍበት ነገር ላይ ነው፤ ከመሬቱ።

ነገሩን ለማየት አንድ የምናብ ካምፕ ጎርጎራ ላይ እንትከል። ምናብ ነው፤ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ2011 ዓ.ም. ዳግም እንዲቋቋም ሲወሰን አገሪቱ የባሕር በር የላትም፤ ያላት ሐይቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ባሕር ዳር እንደሚሆን በጋዜጣ ተጽፎ ነበር። እንግዲህ አንድ ቀን በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ትንሽ ጣቢያ ያስፈልጋል ተባለ እንበል፦ ጀልባ የሚጠጋበት ቦታ፣ የነዳጅ ማከማቻ፣ የወታደር ማደሪያ፣ ዙሪያውን አጥር። አጥሩ የጥቂት ገበሬዎችን ማሳና ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን የሚያስሩበትን ዳርቻ ወደ ውስጥ ያስገባል።

ሕገ መንግሥቱን እንክፈት። አንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የትኛው መንግሥት? እዚያ ላይ አልተነገረም። አንቀጽ 51 ለፌደራል መንግሥት ሁለት ነገር ይሰጣል፦ በንዑስ አንቀጽ 5 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃን የሚመለከት ሕግ የማውጣት፣ በንዑስ አንቀጽ 6 የአገር መከላከያን የማደራጀትና የመምራት ሥልጣን። አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(መ) ደግሞ ክልሎች የፌደራሉን ሕግ ተከትለው መሬትን ያስተዳድራሉ ይላል። ሕጉን አዲስ አበባ ይጽፋል፤ ማሳው ላይ ቆሞ የሚለካው፣ የይዞታ ደብተር የሚሰጠውና የሚነጥቀው ክልሉ ነው። ሠራዊቱ በፌደራሉ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ የሠራዊቱ መሬት ግን የለም። በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ሥልጣን ደግሞ፣ በአንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት፣ የክልል ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ካምፑ የቆመበት መሬት የክልሉ ነው» ብሎ መደምደም ይቀላል። ችኮላ ይመስለኛል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የመንግሥት ይዞታን ሲተረጉም በፌደራልም በክልልም ይዞታ ሥር የሚከለል መሬት እንዳለ ተናግሯል፤ ደኑን፣ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራውን፣ የመንግሥት እርሻውን፣ ሐይቁንና ወንዙን እዚያ ውስጥ ዘርዝሯል። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ሠራዊቱን የሚመራ መንግሥት ሠራዊቱ የሚያድርበት ቦታ መያዝ አይችልም ማለትም አያስኬድም። ስለዚህ በእኔ ንባብ የካምፑ መሬት በፌደራል ይዞታ ሥር ያለ፣ ነገር ግን ከክልሉ ምድር ያልወጣ መሬት ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ይዞታው የፌደራል ስለሆነ ክልሉ ካምፑን ለባለሀብት አይሰጠውም፤ ምድሩ የክልሉ ስለሆነ ደግሞ መከላከያ ሚኒስቴር አጥሩን በራሱ ፈቃድ ወደ ጎረቤት ማሳ አይገፋውም።

አጥሩ መጀመሪያ እንዴት ይተከላል? በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት አንድ የፌደራል ሥራ ለሕዝብ ጥቅም ነው ብሎ የሚወስነው አግባብ ያለው የፌደራል አካል ነው። ውሳኔውን መሬት ላይ የሚያወርደው ክልሉ ነው። ገበሬው የሚያየው የመከላከያን መኮንን አይደለም፤ የወረዳውን ባለሙያና የቀበሌውን ሊቀ መንበር ነው። ካሳውም እንደዚያው። የቀደመው አዋጅ 455/1997 ማሳውን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በአሥር ያባዛ ነበር። አዲሱ ምትክ መሬት ካልተገኘ የሦስት ዓመቱን ከፍተኛ ገቢ ይዞ በአሥራ አምስት ያባዛል። ለገበሬው የተሻለ ነው፤ ጥርጥር የለውም። ግን ማሳውን የፈለገው አንድ መንግሥት፣ ማሳውን የወሰደው ሌላ መንግሥት ነው። ቅሬታ ይዞ ወረዳ ሲሄድ «ከበላይ የመጣ ነው» ይባላል፤ ወደ በላይ ሲሄድ «መሬት የክልል ሥልጣን ነው» ይባላል። የፌደራልን ሥርዓት ከተማሪ ቤት መጽሐፍ ሳይሆን ከወረዳ ጽሕፈት ቤት በር የሚማሩት ሰዎች የሚያውቁት ክፍል ይህ ነው።

ለነገሩ የፌደራል መንግሥት ጎርጎራ ላይ እግሩን ለማሳረፍ ወታደር መላክ አላስፈለገውም። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ጎርጎራን መርጦ ዳርቻው ላይ ሪዞርት አስገንብቷል። ሐሳቡ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ የመጣ፣ ምድሩ የአማራ ክልል። የቱሪስት ማረፊያ ሲሆን ስለ ሥልጣን ክፍፍል የሚጠይቅ ሰው አይበዛም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ውሃው ጠጋ እንበል፤ አስቸጋሪው እዚያ ነው። በደምቢያና በፎገራ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሐይቁ ሲሸሽ ከሥሩ እርጥብ ጥቁር አፈር ይወጣል። ባሕር ሸሽ ይሉታል። ገበሬው እየተከተለ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ተመልሶ ይወስደዋል። ይህ መሬት የማን ነው? ሐይቅ ከሆነ የመንግሥት ይዞታ ነው፤ ማሳ ከሆነ የገበሬው። በዓመት ውስጥ ሁለቱንም ይሆናል። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሐይቁ እንደ ድሮው በዝናብና በፀሐይ ብቻ አይመራም፤ ባሕር ዳር አጠገብ የተሠራው የጨረ ጨራ መቆጣጠሪያ በር ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል የሚወጣውን ውሃ ይመጥናል። በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው የፌደራል የልማት ድርጅት ነው። ጎርጎራ ላይ የሚዘራው መሬት ስፋት ሐይቁን ተሻግሮ በሌላኛው ጫፍ በሚወሰን ውሳኔ ይጠብባል ወይም ይሰፋል።

ሐይቁ ራሱስ? ጣና ሙሉ በሙሉ አማራ ክልል ውስጥ ነው። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ለፌደራል መንግሥት የሚሰጠው ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆችን ውሃ ነው። ሐይቁን ብቻ ነጥሎ ያየ ሰው የክልሉ ነው ይላል። ዓባይ ከዚያው ወጥቶ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አቋርጦ ሱዳን እንደሚገባ ያስታወሰ ሰው ደግሞ የፌደራል ነው ይላል። ሁለተኛው ንባብ ያይላል፤ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። እንግዲህ የምናብ ካምፓችን አንዱ ጎኑ በክልል የሚተዳደር ማሳ፣ ሌላው ጎኑ በፌደራል የሚመጠን ውሃ ነው። በመካከላቸው ያለው መስመር ደግሞ በየወሩ ይንቀሳቀሳል።

* * *

አሜሪካኖች የአጥሩን ጥያቄ የጀመሩት ከሌላ ጫፍ ነው። በሰኔ 1783 እ.ኤ.አ. ደመወዝ የቀረባቸው ወታደሮች ፊላዴልፊያ ላይ ኮንግረሱ የተሰበሰበበትን ሕንፃ ከበቡት። የፔንሲልቬንያ አስተዳደር ሚሊሺያውን እንዲጠራ ተለመነ፤ አልጠራም። ኮንግረሱ ከተማውን ጥሎ ሄደ። ከአራት ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱን ሲጽፉ ያ ውርደት አልተረሳም። መንግሥቱ የሚቀመጥበት አውራጃ፣ እንዲሁም በክልሉ ምክር ቤት ፈቃድ ለምሽግ፣ ለመሣሪያ ግምጃ ቤትና ለመርከብ መሥሪያ የተገዛ ቦታ ሁሉ፣ ሕግ የሚያወጣበት ኮንግረሱ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። እንዲህ ያለው ምሽግ በክልሉ መካከል ያለ ደሴት ሆነ። አጥሩን የተሻገረ ሰው ሕግ ተሻገረ።

ደሴት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ፎርት ሌቨንወርዝ የተቆረቆረው በ1827 ነው፤ ካንሳስ ክልል ሆና የገባችው በ1861። ስትገባ ዋሽንግተን በምሽጉ ላይ ያለውን ብቸኛ ሥልጣን ማስጠበቅ ረሳ። በ1875 ካንሳስ ሥልጣኑን አሳልፋ ስትሰጥ ብልጥ ሆና በግቢው ውስጥ የሚያልፈውን ባቡር ግብር የማስከፈል መብቷን አስቀረች። የባቡሩ ኩባንያ ግብሩ አይገባኝም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄደ፤ በ1885 ተረታ። ከዚያ ወዲህ ብቸኛ፣ ከፊል፣ የጋራ፣ እንዲሁም «እንደ ማንኛውም ባለመሬት» የሚባሉ አራት ዓይነት ይዞታዎች ተለመዱ። አንድ ካምፕ ውስጥ እንኳ በተለያየ ዓመት የተገዙ ቁራሽ መሬቶች የተለያየ ሥልጣን ሊኖራቸው ይችላል። ሬሳ ሲገኝ መርማሪዎቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት ካርታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1940 ኮንግረሱ አንድ ደንብ ጨመረ፦ የፌደራል መንግሥት በያዘው መሬት ላይ ሥልጣን መቀበሉን በጽሑፍ ካላስታወቀ፣ እንዳልተቀበለ ይቆጠራል። ደንቡ ተራ የቢሮ ወረቀት ይመስላል። በሁለተኛው ዓመት ሉዊዚያና ውስጥ ካምፕ ክሌይቦርን ላይ ሦስት ጥቁር ወታደሮች በአስገድዶ መድፈር ተከሰው በፌደራል ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ፋይሉን ሲያገላብጥ ለካምፑ መሬት ያ ደብዳቤ ጭራሽ አልተጻፈም። የፈረደው ፍርድ ቤት ሥልጣን አልነበረውም ተባለ፤ ፍርዱ ወደቀ፤ ጉዳዩ በጦር ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ተጀመረ። የሦስት ሰው አንገት ገመዱ ውስጥ ገብቶ የቆመው ባልተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነው።

* * *

የእኛ ሕግ ደሴት አልፈጠረም። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 የፌደራል ዳኝነት በሦስት ነገር ይመሠረታል ይላል፦ በሕጉ፣ በባለጉዳዮቹና በቦታው። «ቦታ» የሚለው ቃል አለ፤ በተግባር ግን የሚጠቀሱት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። የጦር ካምፕ በቦታነቱ ብቻ የፌደራል ዳኝነት ክልል ነው የሚል ድንጋጌ እዚያ ውስጥ አይገኝም። በ2013 ዓ.ም. የተካው አዋጅ 1234ም ከዚህ መንገድ አልወጣም።

ወደ ምናባችን እንመለስ። የካምፑ አሥር አለቃ በፈቃድ ወጥቶ ገበያ ውስጥ ከዓሣ አጥማጅ ጋር ተጣልቶ ጥርሱን አወለቀው። የሚይዘው የክልሉ ፖሊስ፣ የሚዳኘው የወረዳው ፍርድ ቤት ነው፤ መለዮው የሚያመጣለት ልዩ ነገር የለም። ይኸው አሥር አለቃ ከክፍሉ ቢኮበልል፣ ጎንደር ቢያዝም ሁመራ፣ ዳኛው የጦር ፍርድ ቤት ነው፤ ኩብለላ የወታደርነት ወንጀል ነውና። አንድ የከተማው ሰው በሌሊት ገብቶ ነዳጅ ቢቀዳስ? ንብረቱ የፌደራል መንግሥት ስለሆነ የፌደራል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አራተኛው ከባዱ ነው፦ ዘብ የቆመ ወታደር በጨለማ ወደ አጥሩ የተጠጋ ታንኳ ላይ ተኩሶ ሰው ገደለ። የፌደራል ሠራተኛ ከሥራው ጋር በተያያዘ የፈጸመው ድርጊት ከሆነ የፌደራል ዳኝነት ነው። የተኩስ ትእዛዝ ተጥሷል ከተባለ የጦር ፍርድ ቤቱም ጥያቄ ያነሳል። ሟቹ ደግሞ የወረዳው ነዋሪ ነው፤ ጩኸቱን መጀመሪያ የሚሰማው የክልሉ ፖሊስ ነው። ንጋት ላይ በሩ ላይ ሦስት አካል ይቆማል። በሕጉ ዘንድ የመጨረሻው ዳኛ ማን እንደሆነ በክርክር ይለያል። መጀመሪያ ገብቶ ቀለሁን የሚያነሳው፣ የዘቡን ቃል የሚቀበለው ማን ነው የሚለው ግን በሩን በያዘው አዛዥ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። ማስረጃ የሚጠፋው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ነው። የጎደለን ሕግ ካለ ይህን የሚመለከት ነው እላለሁ።

ጉዳዩ የፌደራል ነው ከተባለ በኋላ የሚሆነው ግን ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነው፤ ጎንደር ላይ የፌደራል ፍርድ ቤት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 80 የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ሰጥቷል። የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልወሰነ በቀር ውክልናው ጸንቶ ይኖራል። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ 322 ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላ፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝና ለደቡብ የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ አማራ ክልል ከዝርዝሩ ውጭ ነበር። ስለዚህ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ችሎት ላይ የተቀመጠው ዳኛ ጠዋት በክልል ሥልጣኑ የወሰን ክርክር ሰምቶ፣ ከሰዓት በፌደራል ሥልጣን መከላከያ ሚኒስቴር የተከሰሰበትን መዝገብ ሊያነብ ይችላል። የሚሾመውና ደመወዝ የሚከፍለው ክልሉ ነው። አንቀጽ 79 ለዚህ ተደራቢ ሥራ የፌደራሉ ምክር ቤት ማካካሻ በጀት ይመድባል ይላል፤ ማካካሻው በወጉ አይደርሰንም የሚለው የክልሎች ቅሬታ ግን የቆየ ነው።

ይህን ሥርዓት የሚነቅፉ አሉ። እኔ ለገበሬው ይሻላል ባይ ነኝ። ካምፑን የሚከስ የጎርጎራ ሰው ቋንቋውን ወደሚያውቅ፣ ባሕር ሸሽ ሲባል ትርጓሜ ወደማይጠይቅ ዳኛ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ግቢ ነዋሪዎች፣ መኖሪያቸው የክልሉ አካል አይደለም ተብለው በሜሪላንድ ምርጫ እንዳይሳተፉ ተከልክለው ነበር፤ መብታቸውን ያገኙት በ1970 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። የእኛ አጥር ቢያንስ ሰውን ከወረዳው አይነጥልም።

* * *

ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ የዛሬው ሕገ መንግሥት ከወጣበት ከ1987 ዓ.ም. በፊት አታውቀውም ማለት ግን ስሕተት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1943 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 390 ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌደሬሽን ሲያዋሕድ ሥልጣኑን ከፍሎ ነበር፦ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭና የክልል መካከል ንግድ፣ ወደቦችን ጨምሮ መገናኛ ለፌደራሉ፤ የተረፈው ሁሉ፣ የውስጥ ፖሊስም ጭምር፣ ለኤርትራ። ፌደሬሽኑ በሥራ ከዋለ ዓመት ሳይሞላው፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ለ25 ዓመት የሚቆይ ውል ፈረሙ። በኮሪያ በዘመተው ሻለቃችን ስም ቃኘው የተባለው የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያ አስመራ ላይ ሕጋዊ ሆነ፤ የአሜሪካ ጦርም በአባሎቹ ላይ በራሱ ሕግ የመዳኘት መንገድ አገኘ።

ጣቢያው የቆመው በኤርትራ አስተዳደር ምድር ነው፤ አስተዳደሩ ግን የውሉ ተዋዋይ አልነበረም። «መከላከያ» የሚለው ቃል መሬቱን፣ የመሬቱን ኪራይ፣ በመሬቱ ላይ የሚደረገውን ዳኝነት ሁሉ ተከትሎት ሄደ። ሚዛኑን የሚይዝ ሦስተኛ ወገንም አልነበረም፤ የፌደራሉ መንግሥት የሚባለው ያው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበርና። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌደሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። ቃኘው እስከ 1969 ዓ.ም. ቆየ፤ ከቆመበት ፌደሬሽን ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

የዛሬው ሕገ መንግሥት ከዚያ የተሻለ አንድ ነገር አለው፦ ሠራዊቱ ከካምፑ ወጥቶ በክልሉ ውስጥ ጸጥታ ለማስከበር የሚሰማራበትን በር በግልጽ ቆጥሯል። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 ክልሉ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት በጥያቄው ነው ይላል፤ የ1995ቱ አዋጅ 359 ዝርዝሩን ያወጣል። ያ ድንጋጌ የወረቀት ጌጥ ሆኖ አልቀረም። በሐምሌ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ፕሬዚዳንት ሁኔታው በመደበኛ ሕግ ማስከበር የማይቻልበት ደረጃ ደርሷል ብለው ለፌደራል መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። በማግስቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከዚያ ወዲያ እዚህ የምንተነትነው ክፍፍል አብዛኛው ለጊዜው ወደ ጎን አለ፤ ክልልና ፌደራል፣ ፖሊስና ሠራዊት በአንድ ዕዝ ሥር ገቡ። ተገላቢጦሹን ደግሞ በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት አይተናል፤ በትግራይ የነበሩት የሰሜን ዕዝ ካምፖች ሲጠቁ፣ በክልል ምድር ላይ የተተከለ የፌደራል አጥር በሁለቱ መንግሥታት መካከል ያለው መተማመን ሲያልቅ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ታየ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ በኅዳር 4 ሌሊት፣ ከትግራይ የተተኮሱ ሮኬቶች ባሕር ዳርና ጎንደር ደረሱ። የባሕር ዳሩ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሲቪልም የአየር ኃይልም ነው፤ መንገደኛውና ተዋጊ አውሮፕላኑ አንድ ሜዳ ይጋራሉ።

ስለ ግብር ባጭሩ፦ አንቀጽ 100 ክልልና ፌደራል አንዳቸው በሌላቸው ንብረት ላይ፣ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ካልሆነ በቀር፣ ግብር አይጥሉም ይላል። ስለዚህ ካምፑ አይከፍልም። በአንቀጽ 97 ግን የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልል ገቢ ነው፤ ክፍያ ግብር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ይከተላል። የካንሳስን ባቡር አስታውሱ።

የምናቡን ካምፕ የሚያቋቁም ባለሙያ ብሆን አንድ ነገር እጠይቅ ነበር፦ መከላከያ ሚኒስቴርና ክልሉ የሚፈርሙበት፣ ለዚያ ካምፕ ብቻ የተጻፈ ስምምነት። አንቀጽ 50 ሁለቱ መንግሥታት የአንዳቸውን ሥልጣን ሌላው እንዲያከብር ያዛል፤ እንዴት እንደሚያከብሩ ግን በየበሩ መጻፍ አለበት። ሰው ሲሞት የክልሉ ፖሊስ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በማን አጃቢነት እንደሚገባ ይጻፍ። ዓሣ አጥማጁ ከዳርቻው በምን ያህል ርቀት ማለፍ እንደሚችል ይጻፍ፤ ጽሑፉም ካምፑ ውስጥ ሳይሆን ታንኳ የሚታሰርበት ቦታ ይለጠፍ። ሠራዊቱ ቦታውን ሲለቅ መሬቱ ለወረዳው ይመለሳል ወይስ ለሌላ የፌደራል መሥሪያ ቤት ይተላለፋል? የቀድሞዎቹ ባለይዞታዎችስ ቅድሚያ አላቸው? ካርታው ላይ ያለው የሐይቅ ወሰን ደግሞ ክረምት መውጫ ላይ ጣና ሞልቶ ሳለ የተለካው ይሁን ወይስ ግንቦት ላይ ሲሸሽ የተለካው ከፊርማው በፊት ይወሰን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ባሕር ሸሽ፣ በየዓመቱ ጓያ የሚዘራበት፣ ካርታ አንሺው ቆሞ በለካበት ወር ምክንያት ብቻ ከአጥሩ ውስጥ ወይም ውጭ ሊሆን ይችላልና።